ቢላ የማይፈልግ ዳቦ

ወርቄ በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳሯ ባሏን ብዙ ጊዜ አስቀይማዋለች፤ አንዳንዴም ሆን ብላ። እንደ ባለፈው ግንቦት መጨረሻ ግን ቆጭቷት አያውቅም። ያን ቀን ያስቀየመችው ልርዳው ብላ ነበርና።

ቤታቸው የካ ሚካኤል ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ዳገቱ ላይ። በየዓመቱ ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ሚካኤልን ይዘክራሉ። ጎረቤት ይጠራል፣ ካህን መጥቶ ዳቦውን ይባርካል፣ ከዚያ አባወራው አካሉ ቢላውን አንሥቶ ይቆርሳል። አካሉ ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ድንበር ሲለካ ስለኖረ ዳቦም ሲቆርስ ይለካል። ወርቄ ደግሞ የምትኮራው በቅርፊቱ ነው። የእሷ ዳቦ ላዩ ወፍራም፣ በጣት ሲመቱት የሚጮህ ነው፤ ሰፈሩም «የወርቄ ዳቦ» እያለ ያነሣዋል። ባልና ሚስት በዓመት አንድ ቀን፣ አንዷ በጋገረችው ሌላው በቆረሰው፣ አብረው ይመሰገናሉ።

ባለፈው ጥር የአካሉ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪም ዘንድ ሄደ፣ መድኃኒት ታዘዘለት፤ ያስታግሰዋል እንጂ አያቆመውም ተባለ። ለትንሣኤ ዳቦ ሊቆርስ ሲል ቢላው ያን የተመሰገነ ቅርፊት አልበሳ አለና ተንሸራቶ አውራ ጣቱን ቆረጠው። ደሙ ዳቦው ላይ ተንጠባጠበ። እንግዶቹ አንዳንዱ ጣሪያውን፣ አንዳንዱ ጫማውን ማየት ያዘ። አካሉ ጣቱን በመሐረብ ጠቅልሎ «ቢላው ነው» አለ፤ ሁሉም ተቀብለው «ቢላው ነው» አሉ።

እንግዲህ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ምሳ እየበሉ፣ ወርቄ ነገሩን ያቀለለች መስሏት አፏን ከፈተች።

«ዘንድሮ ዳቦውን ታዴዎስ ቢቆርስልን ምን ይመስልሃል?»

ታዴዎስ የግድግዳ ጎረቤታቸው ነው፤ የድሮ የአውቶቡስ ሾፌር፣ የአካሉ የዳማ ጓደኛ። አካሉ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰ።

«እንግዲያው ዝክሩንም ታዴዎስ ይዘክረው» አለ። «በእኔ ቤት ዘንድሮ ዝክር የለም።»

ወርቄ የባሏን ቁጣ አትፈራም፤ የሚያስፈራት ንግግሩን ሲያሳጥር ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዳማውን ተወ። ሰው ሲመጣ ጓዳ መግባት ጀመረ፤ ሲበላ ጀርባውን ይሰጣታል። ዛሬ ዝክሩ ከቀረ ነገ ደጅ መውጣቱ ይቀራል፣ ከነገ ወዲያ ሰው በቁሙ ከሰው ይጠፋል፤ ይህን አሰበች። ባሏን ትወደዋለች። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ይህን የነገረችው ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው፤ መውደዱን ግን አንድ ቀን አቋርጣ አታውቅም።

መላው የተገኘው ሰልማ ሱቅ ውስጥ ነው። ሰልማ ከዳገቱ ግርጌ ከባሏ ከሁሴን ጋር ሱቅ ያላት የስልጤ ልጅ ናት። ወርቄ ጨው ልትገዛ ስትገባ ሰልማ በቀኝ እጇ ስኳር ትመዝናለች፣ በግራ እጇ ለትንሿ ልጇ ለናዲያ ዳቦ ትቆርሳለች። ዳቦውን አታየውም፣ ቢላም አልያዘችም። ቁራሹ ሳይፍረከረክ እሺ ብሎ መጣ። ወርቄ ጨውን ረሳችው።

«ይሄ ምን ዳቦ ነው?»

«የአጃ ነው እትዬ ወርቄ። የሁሴን እናት ጥርስ የላቸውም፤ ለእሳቸው ብዬ ነው የለመድኩት። ይቅመሱት።»

ወርቄ አልቀመሰችም። በጣቷ ጫን አደረገችው፤ ገባ ብሎ ተመለሰ።

«በእኛ ቤት አጃ የአራስ ነው» አለች።

«በእኛም ቤት የረመዳን ሾርባ ነው። ዳቦ ውስጥ ሲገባ ግን እንዲህ ያለሰልሰዋል።»

«ወተት አለው?»

«አለው።»

«እሱ አይሆንም። አካሉ የሰኔን ጾም አይፈታም።»

«እንግዲያው ይተዉት። አጃው በፈላ ውሃ ከራሰ ወተቱን አይፈልጉትም። ሸርከት ተደርጎ የተፈጨውን ይውሰዱ። ዘይት ጠብ፣ ማር ትንሽ ያድርጉበት። እርሾው ከመግባቱ በፊት አጃው ይቀዝቅዝ። ሊጡ እጅዎ ላይ ሲጣበቅ ደግሞ አደራዎን፣ ዱቄት እንዳይጨምሩ።»

ወርቄ ከአርባ ዓመት በላይ ዳቦ ስለጋገረች ከምክሩ ግማሹን ብቻ ሰማች። የመጀመሪያው ሊጥ እጇ ላይ ሙጭጭ ሲል ጊዜ፣ እኔን ሊጥ ሊያስተምረኝ ነው ብላ ሁለት ጭልፋ ዱቄት ጨመረችበት። ከኦቨን የወጣው እንደ ወትሮው ደረቅ፣ እንደ ወትሮው የሚጮህ ዳቦ ነው። ሁለተኛውን ሳትጨምር ለወሰችው፤ ግን ቸኩላ ትኩሱን አጃ እርሾው ላይ ገለበጠችውና እርሾው ሞተ። ሊጡ እስከ ማታ እንደተኛ ቀረ፤ እንደዚያው ጋገረችው። ሁለቱንም ዳቦ በአጥር አሻግራ ለታዴዎስ ሰጠችው። ታዴዎስ የተሰጠውን ይበላል፤ አንደኛውን ጥርስ ይፈትናል አለ፣ ሁለተኛውን ምንም ሳይል መለሰው።

ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ወደ ሰልማ ተመለሰች።

«አቀዝቅዘውታል?» አለች ሰልማ።

«ለብ ብሎ ነበር።»

«ጣትዎን ነክረው እስከ አሥር ይቁጠሩ። አሥር ሳይደርሱ ካወጡት ገና ነው።»

ሦስተኛው ተሳካ። ወርቄ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ቆማ፣ በግራ እጇ፣ እጇን ሆን ብላ እያንቀጠቀጠች ቆረሰችው፤ እሺ ብሎ መጣላት። ሌላ ሞከረች፤ እሱም መጣላት። ያኔ ነው ተቀምጣ ያለቀሰችው፤ ደስ ብሏት ይሁን አዝና እሷም አላወቀችም።

አካሉ ግን ዓይኑ ጤነኛ ነው። ጓዳ ሲገባ የአጃውን ከረጢት አየ።

«ማን ወለደ?» አለ።

«ማንም።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ አጃ ለማን ነው?»

«ለጨጓራዬ።»

ጨጓራ እንደሌለባት ያውቃል። ቢሆንም ከረጢቱን ባለበት ትቶ ወጣ፤ በዚያ ሰሞን ብዙ መጠያየቅ አቁመው ነበር።

ወርቄ ባሏን ሳታማክር እንደ ወትሮው ጎረቤት ጠራች። አባ ሠረቀብርሃንንም ጠራች፤ የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ካህን፣ የቤቱ የነፍስ አባት ናቸው። ለሰኔ አሥራ ሁለት አጥቢያ ዝናቡ ሲያካፋ አደረና ጠዋት ቤቱ በረደ፤ ሊጡ ንቅንቅ አልል አለ። አካሉ ሚካኤልን ስሞ ተመልሶ ጋደም ብሏል። ወርቄ ሊጡን ከነሳፋው በነጠላ ጠቀለለችና የሚሞቀው ቦታ አንድ ብቻ ስለነበረ ብርድ ልብሱን ገልጣ ከባሏ እግር ሥር አስተኛችው።

አካሉ ሲነቃ እግሩ የሚሞቅ ነገር ነካ። ብርድ ልብሱን ገለጠ፣ ነጠላውን ፈታ። ሊጡ እስከ ሳፋው አፍ ሞልቷል።

«ወርቄ፣ አልጋዬ ላይ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሊጥ ነው።»

«ዝክሩ ቀርቷል አላልኩሽም?»

«አንተው ለሚካኤል ንገረው። እኔ አልነግረውም።»

አካሉ ተነሣ። ጫማውን ሲያጠልቅ ክሩ እምቢ አለው፤ ሳያስር ተወው። ካፖርቱን ለበሰ፣ ጃንጥላውን ያዘ።

«ቢላውን ታዴዎስም ይያዘው፣ ሌላም ይያዘው» አለ በሩ ላይ ቆሞ። «እኔ እዚያ ተቀምጬ አላይም።»

ወጣና ዳገቱን ወደ እንጦጦ ያዘ። ወርቄ ተከትላው ልትወጣ አንድ እግሯን አሻገረች። ከዚያ ሊጡን አሰበች። እንዲህ ሞልቶ ከቆየ ይወድቃል፤ ሰውየው ከተመለሰ ደግሞ የሚጠብቀው ዳቦ ያስፈልጋል። የቤቱ ጣጣ መቼም አንዱን ጥዬ ሌላውን ልያዝ ቢሉት አይመችም። ወደ ጓዳ ተመለሰች፣ እጇን ዘይት ቀባች፣ ሊጡን ሎሚ ሎሚ የሚያህል እያደረገች አድቦልቡላ በክብ መጋገሪያ ውስጥ ዳር ዳሩን ደረደረች፤ አንዷን ድቡልቡል መሀል አስቀመጠች። ላዩ ላይ አጃ ነሰነሰች። እየነሰነሰች ስለ ጫማው ክር ታስብ ነበር፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ አዳልጦት ቢወድቅስ እያለች።

ስምንት ሰዓት ላይ ቤቱ ሞላ። ታዴዎስ አለ፣ ጎረቤታቸው ከበበና ሚስቱ አሉ፣ ከሰፈሩ ሴቶች አራት አምስቱ አሉ። ሰልማም እንደ ሁልጊዜው እንኳን አደረሳችሁ ልትል ናዲያን ይዛ መጥታ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። የአካሉ ወንበር ባዶ ነው። «ጋሽ አካሉስ?» ላላት ሁሉ ወርቄ «ይመጣል» ትላለች። አራተኛው ሰው ሲጠይቃት መስኮቱን ከፍታ ዳገቱን አየች።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የገቡት አባ ሠረቀብርሃን ናቸው፤ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። ከኋላቸው አካሉ።

«ይህን ሰው እግዜር ይስጥልኝ» አሉ አባ፣ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ። «ስወርድ ባሕር ዛፉ መሀል ሲወጣ አገኘሁት። በዚህ ዝናብ እኔን ሊቀበል! ጃንጥላውን ይዞልኝ እስከዚህ ወረድን። ጉልበቴ ስለማይታጠፍ የጫማውን ክር እንኳ ላስርለት አልቻልኩም።»

አካሉ የሸሸ ሰው መሆኑን ለካህኑ መንገር አልሆነለትም። ወርቄን ሳያያት አልፎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ እጆቹን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።

ዳቦው በሰፌድ ቀረበ። አባ መስቀላቸውን አንሥተው ጸለዩ፣ ባረኩ። ከበበ ዙሪያውን ተመለከተና «ቢላውስ?» አለ።

«ቢላ አላመጣሁም» አለች ወርቄ። «ይሄ ዳቦ ቢላ አይፈልግም።»

አንዷ ሴት ለሌላዋ «አጃ ነው እንዴ?» አለቻት በሹክሹክታ። ቅርፊቱን የፈለገ ዓይን ሁሉ አጥቶታል፤ የወርቄ ዳቦ ያልሆነ ዳቦ ነው የቀረበው። በሌላ ቀን ቢሆን ወርቄ በሐፍረት መሬት ብትገባ በወደደች። አሁን ግን የምታየው አንድ ሰው ብቻ ነው።

አካሉ ዳቦውን ዙሪያውን አየው። አንድ እጁን ከኪሱ አወጣና በጣቱ ተጫነው። ገባ ብሎ ተመለሰ። ያኔ ቀና ብሎ ሚስቱን አያት።

«ለእጄ ብለሽ ነው?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

መዋሸት ትችል ነበር። ለጾሙ ነው ቢሉ ያስኬዳል፣ ለአባ ጥርስ ነው ቢሉም ያስኬዳል። ግን ቢላው ነው ከተባለበት ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት የተዋሸው በቂ ነው።

«ለእጅህ ነው» አለች፣ ሁሉም እየሰማ።

ታዴዎስ ማሳል ጀምሮ ተወው። አካሉ ሁለተኛውንም እጁን አወጣ። ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ፤ ቀኙ ይብሳል። ዳቦው ላይ ሲያሳርፋቸው ሰፌዱ አብሮ ተርገፈገፈ። ወርቄ ልትይዝለት እጇን ሰደደች።

«ተዪው ልጄ» አሉ አባ። «እኛ እንደሆንን አልቸኮልን።»

እጇን መለሰች። አካሉ የዳሩን ድቡልቡል ያዘ፣ ሳበ። እሺ ብሎ መጣለት። ለአባ ሰጠ፤ አባም ተሳልመው ተቀበሉት። ሁለተኛው ሲሳብ ሁለት ሆኖ መጣ፣ ለከበበ ደረሰ። ሦስተኛው ከግማሹ ተቆረሰ። በመሬት ቀያሹ ቤት አንዱ ብዙ ሌላው ጥቂት ደረሰው፤ የሚለካ ግን አልነበረም። ሰልማ የናዲያን ድርሻ ተቀብላ ዳቦውን ጫን አድርጋ አየችውና ከወርቄ ጋር ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«እጄ ከጥር ጀምሮ ታሟል» አለ አካሉ፣ መቁረሱን ሳያቆም። ለማን እንዳለው አይታወቅም።

«እናውቃለን» አለ ታዴዎስ አፉን እንደሞላ። «ጠጠሩን እየናድክብኝ ስንት ዳማ አበላሽተሃል። ተናድጄ አይደለም፤ ለብቻዬ መጫወት ነው የሰለቸኝ። ሌላ ቁራሽ ይኖራል?»

ቤቱ ሳቀ፤ አካሉም ሳቀ። ወርቄ ያን ሳቅ ከትንሣኤ ወዲህ አልሰማችውም።

ሰው ሁሉ ከደረሰው በኋላ ሰፌዱ ላይ የቀረችው የመሀሏ ድቡልቡል ናት። አካሉ አንሥቷት ወደ ሚስቱ ዞረ። ብዙ ስለቆረሰ እጁ ደክሟል፤ ቁራሿ ግራ ቀኝ ትላለች። እነዚህን አምስት ወራት ወርቄ እንዲህ ሲሆን ባየች ቁጥር ፈጥና ከእጁ ትቀበለው ነበር፤ ውሃውን፣ ማንኪያውን፣ ቁልፉን። ትረዳው ይመስላት ነበር። አሁን አልቸኮለችም።

«እንኳን አደረሰሽ» አላት።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለች። ሁለት እጇን አጋጥማ ዘረጋችና፣ እሱ ራሱ እስኪያቀብላት ድረስ ቆማ ጠበቀችው።