ከሥራ የማይቀር ኮት

ፋኑኤል ኮቱን ያምነዋል። ከእንጦጦ ግርጌ ባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍሉ፣ ጠዋት ወንበሩ ላይ ይሰቅለውና መብራቱን አብርቶ ወደ ወሰን ሰፈር ይወርዳል፤ እዚያ ጋራዥ አለው። ባለጉዳይ ከመጣ ከጎረቤት ክፍል ሒሩት ብቅ ትልና፣ «አሁን እዚህ ነበር፤ ኮቱ ይኸው» ትላለች። ባለጉዳዩም ኮቱን እያየ ይጠብቃል።

ከዚያ የኃይል ቁጠባ ዘመቻ መጣ። በየክፍሉ ኮርኒስ ላይ እንቁላል የምታህል ነጭ ነገር ተለጠፈች፤ የሚንቀሳቀስ ሰው ስታይ መብራት ታበራለች፣ ካላየች ታጠፋለች ተባለ።

«መብራት ለማጥፋት ዓይን ምን ያደርግላታል?» አለ ፋኑኤል አንጋጦ። «ካሜራ ናት።»

«ሴንሰር ናት አሉ እኮ» አለች ሒሩት።

«ማን አለ? የሰቀሏት ናቸዋ ያሉት!»

ካሜራስ ብትሆን ይሻል ነበር። እሱ ወሰን ሲደርስ ክፍሉ ይጨልማል፤ በጨለማ ደግሞ ኮት አይታይም። ኃላፊዋ ወይዘሮ ብርቄ ጠርተው፣ «ሌላ ቀን ጨለማ ባገኝ መሰናበቻህን ትወስዳለህ» አሉት።

ፋኑኤል ለብርዱ የገዛትን ባለማራገቢያ ማሞቂያ ጠረጴዛው ሥር ደበቀና ወደ ኮቱ አዞራት። እጅጌው ተወዛወዘ፤ መብራቱም አልጠፋ አለ። ከዚያ ወዲህ ኮቱ ከባለቤቱ በላይ ሠራተኛ ሆነ።

አንድ ቀን ከወሰን ተመልሶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ማሞቂያዋን ሊነቅል ሲያጎነብስ ወይዘሮ ብርቄ ሒሩትንና ሌሎች ሠራተኞችን አስከትለው ገቡ።

«ቀኑን ሙሉ መብራቱ የማይጠፋው ያንተ ክፍል ብቻ ነው።»

ፋኑኤል ማሞቂያዋን ሳይነቅል ቀና አለ።

«ሌላው እንቅልፋም ነው። የኃይል ቁጠባ ኮሚቴው ሰብሳቢ አንተ ነህ፤ ስብሰባውም እዚሁ።»

ሹመት ይሁን ወጥመድ አልገባውም።

«አጀንዳ አንድ» አሉ ወይዘሮ ብርቄ ተቀምጠው። «ይህች ነገር ከተሰቀለች ወዲህ የመብራት ፍጆታችን ጭራሽ ጨምሯል። ማን ነው የሚበላው?»

ሁሉም ሁሉንም በጎን አየ፤ ማንም ግን ጣቱን አላነሳም። መጀመሪያ የተነቃነቀ እሱ ነው ሊባል ነዋ!

መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ።

በጨለማው ከፋኑኤል ጠረጴዛ ሥር ፍም የመሰለ ቅላት ታየ። እንደ ተኛ ሰው ይተነፍሳል።

«ፋኑኤል» አሉ ወይዘሮ ብርቄ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ኮትህን አውልቅና እንደ ወትሮው ወንበሩ ላይ ስቀለው እስቲ። ሌሎቻችሁ እንዳትንቀሳቀሱ።»