በሾኩ ላይ የታሰረው ላስቲክ

"ምን እያሰርሽበት ነው?" አለ መካኒኩ።

ሚስቱ ከሕክምና ጓንት ጠርዝ የቆረጠችውን ቀጭን ላስቲክ በሞተር ሳይክሏ፣ ንዝረቱን በሚውጠው የፊት ሾክ ዘንግ ላይ አጥብቃ አሰረች። ሾኩ በሰመጠ ቁጥር ላስቲኩን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ መጀመሪያ እሱ ነድቶ ይምጣ፣ ከዚያ እሷ ትነዳለች፣ ልዩነቱን ያያሉ። ሐሳቡ የራሷ ነው።

አዋላጅ ነርስ ናት። በዚህ ሞተር ዳገቱን እየወጣች ነፍሰ ጡሮችን ትጎበኛለች። ባለፈው ሳምንት ኮረኮንቹ ላይ የፊት ጎማው ነጥሮ ጣላት። አለቃዋ ጋራዡ ድረስ መጥተው ምክንያቱን ሲጠይቁ፣ ባልየው ጎማውን ፈተሸ፣ ፍሬኑን ፈተሸ፣ ምንም ሲያጣ "ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ክንዷ ነው ያልቻለው" ብሎ አረፈው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው። አለቃዋም ቃሉን አምነው የዳገቱን ሥራ ከሰኞ ጀምሮ ለሌላ ሰው ሊሰጡባት ነው። ያን ዳገት ደግሞ ትወደዋለች። እዚያ ያሉት እናቶች የሞተሯን ድምፅ ከሩቅ ይለዩታል።

ባልየው ነድቶ ተመለሰ። ደንበኞቹ በግዝፈቱ "ግንቡ" የሚሉት ያለ ነገር አይደለም፤ ላስቲኩ ጫፍ ሊደርስ ምንም አልቀረው።

"አየሽ? እንደ ቅቤ ነው" አላት።

እሷ ላስቲኩን ወደ ታች መልሳ ሞተሩን አስነሥታ ሄደች። ባልየው ሚስቱ ስትነዳ ቆሞ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ከመቀመጫው ብድግ ብላ፣ በጉልበቷ የነዳጅ ታንከሩን እቅፍ አድርጋ፣ ዐይኗን አርቃ ትነዳለች። የፊት ጎማው ሲነጥር መሪውን አልታገለችውም፤ ለቀቅ አደረገችውና መልሳ ያዘችው። እኔ ብሆን አፈር ቅሜ ነበር አለ በልቡ።

ላስቲኩ ግን ከቦታው ፈቅ ያለው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ነው።

የጋራዡ ደንበኞች ሁሉ ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ የሚጭኑ ናቸው። ስለዚህ ለሁሉም ሾኩ ውስጥ የሚሞላው አንድ ዘይት ነው፤ ወፍራሙ፣ ሃያ ቁጥር። ለሚስቱም ባለፈው ወር አዲስ ቆርቆሮ ከፍቶ በፍቅር ሞልቶላታል፤ የሞከረው ግን በራሱ ክብደት ነው። እሷ የእሱን ግማሽ አትመዝንም። ያን ወፍራም ዘይት መጫን ስላቃታት ሾኩ እንደ እንጨት ደርቆ ጎማውን ያዘልለዋል።

የካፈርኩ አይመልሰኝ ሰው ነውና "ላስቲኩ ላልቶ ይሆናል" ሊል አፉን ከፈተ። ሚስቱ የተላጠ ክርኗን ይዛ ታየዋለች። መፍቻውን አነሣ።

ዘይቱን አፈሰሰና ቀጭኑን፣ አሥር ቁጥሩን አመጣ። ሁለቱ የሾኩ እግሮች እኩል እንዲደርሳቸው እሷ በትልቅ መርፌ እየለካች ሞላች፤ እሱ የእጅ ባትሪ ያዘላት። እንደገና ስትነዳ ጎማው መሬቱን አልለቀቀም፤ ላስቲኩም ከግማሽ አልፎ ወጣ። እየሳቀች ወረደች። ወዲያው ግን ሳቋ ጠፋ።

"ይሁን፣ ለሚተካኝ ሰው ይመቸዋል" አለች።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠረገና እዚያው ተራ በሚጠብቁት ደንበኞቹ ፊት ለአለቃዋ ስልክ ደወለ።

"ጌታዬ፣ የአዋላጇ ባል ነኝ። ባለፈው ክንዷ ነው ያልኩዎትን ይተዉት። የጣላት የእኔ ዘይት ነው። በዚያ ዘይት አንድ ወር ሙሉ ዳገቱን የወጣችው ክንዷ ስለቻለ ነው።"