ቅንፍ ያልተደረገበት መስመር

፩

የመጀመሪያው ድምፅ የብረት ነበር። ሁለተኛው የአጥንት። ሰው የጮኸው ሦስተኛ ነው።

ብረት እየጨፈለቀ የበር ማጠፊያ የሚያወጣው የፋብሪካው ማሽን፣ ፕሬሱ፣ ተመልሶ ተነሣ። የሲሳይነህ ቀኝ እጅ አልተነሣም።

፪

ፕሬሱን የሚያዘው ኮድ ይህ ነው፤ መከላከያ የሚለው እጅ እንዳይገባ ፕሬሱን የሚጋርደውን በር ነው፤ ለአንባቢ ብዬ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ፦

መከላከያው ከተዘጋ፦
    አረንጓዴውን መብራት አብራ
    ፕሬሱን አውርድ

ሁለቱም መስመሮች ገባ ብለዋል። ለሰው ዓይን ሁለቱም «ከተዘጋ»ን የሚጠብቁ ይመስላሉ። ማሽን ግን ገባ ማለትን አያይም፤ የሚያየው መስመሮቹን አንድ ላይ የሚያቅፍ ቅንፍ ነው። ቅንፍ ከሌለ የሚጠብቀው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛው መከላከያው ቢከፈትም ባይከፈትም

ይወርዳል።

፫

ከዚያ በፊት፣ ኮዱን በሚጽፉት ፕሮግራመሮች ክፍል፣ የአረንጓዴው መብራት መስመር ገና ብቻውን ሳለ፦

ሐመልማል፦ ጋሽ አንተነህ፣ እዚች ጋ ቅንፍ ባደርግስ?
አንተነህ፦ ለአንዲት መስመር? ኮድ ነው የምትጽፊው አጥር ነው የምታጥሪው?
ሐመልማል፦ ሌላ መስመር ቢጨመርስ?
አንተነህ፦ የጨመረው ያድርጋ!

አለቃዋ ነው። ቅንፎቿን እየሰረዘ «አጥረኛዋ» ሲላት ክፍሉ ሁሉ ይስቃል። በኋላ ሁለተኛውን መስመር የጨመረችው ራሷ ናት። ጣቷ ቅንፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሳቁ ትዝ አላትና ተወችው።

፬

ደም።

፭

የሲሳይነህ ወንድም ደርብ እዚያው በያጅ ነው። ቧንቧ ይዞ የፕሮግራመሮቹን በር በርግዶ ገባ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አደቀቀው፤ ቀጥሎ የአንተነህን ትከሻ። አንተነህ ወደቀ። ደርብ ደረቱን ረገጠው።

«ወንድሜ እጅ ላይ አውርድ ብሎ የጻፈው ማን ነው?»

«ደርብዬ፣ ተው፣ በእናትህ!» አለች ሐመልማል ግድግዳው ላይ ተለጥፋ።

«እናቴን አትጥሪ! ማን ነው?»

ቧንቧው አንዴ አፉ ላይ አረፈ። አንተነህ ጥርሱን ከደም ጋር ተፋና ሐመልማልን ቀና ብሎ አያት። ያውቃል። አልተናገረም፤ መናገር አቅቶት ይሁን አልፈልግ ብሎ፣ አላወቀችም።

፮

ቧንቧው ከደርብ ራስ በላይ ነው።

«ንገሪኝ እህቴ። አንቺን ምን አደርግሻለሁ?»

«የጻፈው» ካለች አንተነህ ላይ ይወርዳል። «የጻፍኩት» ካለች እሷ ላይ። ሁለቱ ቃላት የሚለያዩት ሁለተኛውን ፊደል ካለፉ በኋላ ነው። ሐመልማል አፏን ከፈተች።

«ያንን መስመር የጻ