ሴልሶን መጥራት

ኤርሚታስ እግሯን እንዳነሣች ቀረች። ጫማዋ ሊያርፍበት የነበረው ድንጋይ ላይ አንዲት እንሽላሊት ፀሐይ ትሞቃለች።

"እንዳትረግጫት!" አለች ከኋላ የምትከተላት ኦብዱሊያ፣ የሟች ባሏ ታላቅ እኅት። "የማን ነፍስ እንደሆነች በምን ታውቂያለሽ?"

ኤርሚታስ እንሽላሊቷን ዞራ አለፈች። ከባሕሩ ገደል አናት ወዳለው ወደ ቴይሺዶው ቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን በሕይወቱ ያልተሳለመ ሰው፣ ሞቶ እንደ እንሽላሊት እየተሳበ መሄዱ አይቀርለትም ይባላል። ባሏ ሴልሶ ደግሞ የተሳለውን ሳያደርስ ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ የቤቷ ወለል ሲንቋቋ የሱ ኮቴ እየመሰላት በሩን በወንበር ደግፋ ታድራለች። በቁሙ ስትፈራው የኖረችውን ሰው ሞቶም አልተገላገለችውም። ነፍስ ደግሞ መቃብሯ ተንኳኩቶ በስሟ ከተጠራች ጠሪዋን ተከትላ ትሄዳለች ይላሉ። ዛሬ የመጣችው ነፍሱን ይዛ፣ ለቅዱሱ አስረክባ፣ ብቻዋን ልትመለስ ነው።

ዳገቱን ጨርሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደረሱ። ከገደሉ ሥር ባሕሩ ያጓራል። አጠገባቸው አንድ ሽማግሌ ይዟት ከመጣው ከሟች ሚስቱ ነፍስ ጋር ይጨዋወታል፦ "ደረስን እኮ እመቤቴ! ጉልበትሽን አሁንም ያምሻል እንዴ?"

ኦብዱሊያ ወደ ኤርሚታስ ዞረች። "አንቺ መንገዱን ሙሉ ወንድሜን አንድ ቃል አላናገርሽውም። ለመሆኑ መቃብሩ ላይ ደኅና አድርገሽ ጠርተሽዋል?"

"አንኳኩቻለሁ፣ እትዬ።"

"ድምፅሽን አሰምተሽ?"

ኤርሚታስ አቀረቀረች። ጠዋት ድንጋዩን በጣቷ ጫፍ ነካ ነካ አድርጋ ስሙን በሆዷ ነበር ያለችው።

"እንዳልቀሰቅሰው ፈርቼ..."

"ልትጠሪው ሄደሽ?" ኦብዱሊያን ሳቋ አመለጣት። "ወይ ጉድ! ታዲያ እስካሁን ማንን ይዘን ነው የመጣነው?"

 እዚህ ካልመጣ ያለው ቤት ነው። እሷን እየጠበቀ ነው። ኤርሚታስ የድንጋዩን አጥር ያዘች።

"ጮክ ብለው ሲጠሩት መች ይወድ ነበር" አለች። "አንዴ ከጓደኞቹ መሀል ብጠራው..." እጇ ወደ ግራ ጆሮዋ ሄደ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ጆሮዋ አጥርታ አትሰማም።

ኦብዱሊያ ሳቋን ተወችው። 

"አውቃለሁ" አለች። "ሁላችንም እናውቅ ነበር።"

ኤርሚታስ ልትለኩሰው ያወጣችውን ጧፍ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"እትዬ፣ መቃብሩ ጋ ይውሰዱኝ።"

"አሁን? ሊመሽ ነው እኮ። ነገ ጠዋት ይሻላል።"

"ዛሬ ነው። ቤቴ ሳልገባ ጠርቼው፣ ነገ እንደገና ይዤው እመጣለሁ።"

ኦብዱሊያ ሳትከራከር የመኪናዋን ቁልፍ አወጣች። ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ኤርሚታስ ማንኳኪያ የሚሆን ድንጋይ ከመንገዱ ዳር አነሣች።

"ሴልሶ" አለች፣ ለመለማመድ ያህል። ድምፅ አልወጣትም። ቆማ አየር ሳበችና እንደገና ሞከረች።

በሁለተኛው ጥሪዋ፣ ዳገቱን የሚወጡት ሰዎች ሁሉ ቀና ብለው አዩዋት።