እርጥብ ወረቀት

«ይኸው፣ ደግሞ ጃም አደረገ!»

አለች ሐጀራ የስልኳን ሰዓት አቁማ። የምትፈትነው ማተሚያ ማሽን አሥራ ዘጠነኛው ወረቀት ላይ ሲደርስ ተንገጫገጨና ቀይ መብራቱን አበራ። ይህ ለሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። የአቅራቢው ድርጅት ሠራተኛ ፈርሃት ክራቫቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ ተንበረከከና የተጨማደደውን ወረቀት ከማሽኑ ሆድ ይጎትት ጀመር።

«ትናንት ቢሯችን ሁለት መቶ ገጽ ሳያቋርጥ ነው ያተመው፣ ቲቸር። ወላሂ!»

«ታዲያ አቃቂ ሲደርስ ምን ነካው?» አሉ ወይዘሮ ዲንቄ፣ ሳቃቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው። ወይዘሮ ዲንቄ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናቸው፤ አሮጌውን ማባዣ ሃያ ሁለት ዓመት በእጃቸው አዙረዋል።

ጊዜው ሰኔ 2003 ነበር። በመንፈቁ ፈተና ያ ማባዣ የልብን ሥዕል ከዳር እስከ ዳር አጥቁሮት፣ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ይህ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ «ድንች» ብሎ መልሷል። መምህራኑ ሳምንቱን ሙሉ ሲስቁ ከረሙ፤ ተማሪዎቹ ግን ነጥባቸውን አጡ። ስለዚህ ፕሪንተር፣ ኮፒና ስካን በአንድ የሚሠራ ማሽን ሊገዛ ተወሰነ። በጨረታው የቀሩትን ሁለት ማሽኖች ፈትና ነጥብ እንድትሰጥ የተመረጠችው የኮምፒውተር መምህርቷ ሐጀራ ናት።

ሐጀራ ሻጮቹ ይዘው የመጡትን ባለ አምስት መስመር ናሙና ወደ ጎን ትታ የራሷን መሞከሪያ አዘጋጀች፦ በአንዱ ፊት በደቃቅ ፊደል የተጨናነቀ የአማርኛ ፈተና፣ በጀርባው ያው የልብ ሥዕል። በካታሎጉ ላይ «በደቂቃ ሠላሳ ገጽ» የተባለለት የፈርሃት ማሽን በዚህ መሞከሪያ አሥራ ሁለት ላይ ቀረ። ከሰዓት በኋላ የሌላው ድርጅት ሠራተኛ ዮዲ የእሷን ማሽን አስነሳች። አንዴም ሳይደናቀፍ በደቂቃ ሃያ ሁለት ገጽ አተመ።

ዳይሬክተሩ አቶ ተስፋሚካኤል ገብተው ነጥቡን አዩና እጃቸውን አፋተጉ።

«በቃ፣ ተገላገልን! የዮዲ አሸነፈ። ቃለ ጉባኤውን ጻፊና ነገ ጠዋት እንፈርም። ሐሙስ እኮ ፈተና ይጀመራል።»

ፈርሃት ቦርሳውን ዘጋ። «የመጀመሪያ ጨረታዬ ነበር» አለ ለማንም ሳይሆን፣ ማሽኑን ጠዋት በመኪና ሊወስድ ተነጋግሮ ወጣ።

ወይዘሮ ዲንቄ የተበላሹትን ወረቀቶች ለረቂቅ እንዲሆኑ ይሰበስቡ ነበር። አንዱን አንስተው በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። እንደገና ሌላውን።

«ሐጁ፣ ነይ እስቲ ስሚ። ይሄ ወረቀት ድምፅ አለው?»

«የምን ድምፅ፣ እትዬ?»

«ደረቅ ወረቀት ሲመቱት ይጮኻል። ይሄ እንደ ጨርቅ ነው። ረጥቧል፣ ልጄ።»

ሐጀራ የፈርሃትንና የዮዲን ወረቀት ጎን ለጎን ያዘች። ጠዋት የተጠቀሙት ግድግዳው ዝናብ ከሚያስገባው መጋዘን የወጣውን ነው። እሱ ሲያልቅ፣ ለዮዲ ከዳይሬክተሩ ቢሮ የብረት ቁምሳጥን አዲስ እሽግ ያመጣችው ራሷ ነበረች። ፊቷ ጋለ። ስለ ወረቀቱ አንድም ጊዜ አላሰበችም።

ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄዳ ነገረቻቸው።

«ሰዎቹ ሄደዋል እኮ» አሉ አቶ ተስፋሚካኤል። «የዮዲም ማሽን ቢሆን ጥሩ ነው። ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም አልጠየቀኝም፣ ጋሼ። ግን የፈርሃትን ማሽን አልፈተንኩትም። የፈተንኩት መጋዘናችንን ነው።»

ዳይሬክተሩ ፈገግ አሉ። «ነገ እስከ አራት ሰዓት ጨርሺ።»

ሐጀራ ደውላለት ፈርሃት ስልኩን ሲያነሳ ታክሲ ውስጥ ነበር፤ ረዳቱ «ሳሪስ! ወራጅ አለ?» እያለ ሲጮህ ይሰማል።

«መሸነፌን ለመንገር ነው አይደል?»

«ገና አልተወዳደርክም። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ና።» ቀጥላ ለዮዲም ደወለች።

በማግስቱ ጠዋት ለእያንዳንዱ ማሽን ሃምሳ ደረቅ፣ ሃምሳ እርጥብ ወረቀት ተቆጠረለት። እርጥቡም ይሞከር ያሉት ወይዘሮ ዲንቄ ናቸው፤ «ክረምቱን እኮ የምናሳልፈው በእሱ ነው» ብለው። በእርጥቡ የፈርሃት ማሽን ሦስት ጊዜ ወረቀት ያዘ፤ የዮዲ ደግሞ አምስት ጊዜ። ዮዲ አምስተኛውን ወረቀት ስትመዝ ጥቁር ቀለም አፍንጫዋን ነካት።

«ትናንት አሸንፌ ነው የተኛሁት!» ስትል ፈርሃት ሳይቀር ሁሉም ሳቀ።

በደረቁ ወረቀት የፈርሃት ማሽን በደቂቃ ሃያ ሰባት ገጽ አተመ። የልቡም ሥዕል ጥርት ብሎ ወጣ፤ ደም ቅዳና ደም መልሱ አንድ በአንድ ይለያሉ። በአራት ነጥብ አሸነፈ። ፈርሃት የወይዘሮ ዲንቄን እጅ ይዞ ይነቀንቅ ጀመር።

«እኔ ምን አደረግኩ? ወረቀት መታሁ እንጂ» አሉት።

አቶ ተስፋሚካኤል ሊፈርሙ እስክሪብቶ ሲያወጡ፣ ሐጀራ ቅጹን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ከታች «አስተያየት» የሚል ባዶ መስመር ነበር። «ወረቀት ከዛሬ ጀምሮ በመጋዘን አይቀመጥም፤ በወይዘሮ ዲንቄ ኃላፊነት፣ በደረቅ ቁምሳጥን ተቆልፎ ይያዛል» ብላ ጻፈችበትና መለሰችላቸው።

ዳይሬክተሩ አንብበው ቀና አሉ። «ጎሽ። ደረቅ ቁምሳጥን ግን የት አለን?»

ሐጀራ በተከፈተው በር ወደ ቢሯቸው አየች። አቶ ተስፋሚካኤል ዓይኗን ተከትለው ዘወር አሉ። ተነሥተው ሄዱ፤ ከብረቱ ቁምሳጥን ውስጥ ካፖርታቸውንና ጃንጥላቸውን አውጥተው ወንበር ላይ ጣሉና፣ ቁልፉን ለወይዘሮ ዲንቄ ሰጡ።