አባ ይታየው አይቀመጡም

እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ላይ ሮኬት መውደቅ በጀመረበት ክረምት፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ፣ ገበያው ጭር ብሎ፣ ሰው ሁሉ ከግድግዳ ጥግ ሳይርቅ ሲውል፣ ሺርሊን ለልጃቸው ሊጠይቁ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። መቼስ ቀን መምረጥ ነው! አርብ ጠዋት ያደረጉት ሰንበት ሳይገባ ጣጣውን እንጨርስ ብለው ነው አሉ።

ሺርሊ ግን የችኮላውን ምክንያት ታውቃለች። ወታደሩ ወዳጇ ኦፌክ በማለዳ ከጋዛ ድንበር ደውሎላት ነበር። «ዛሬ ቀትር ላይ ፔሌፎናችንን ይሰበስቡብናል፤ ከዚያ መቼ እንደምንነጋገር እንጃ። አባትሽ እሺ ማለቱን ሰምቼ ልግባ» አላት። ሁለት ዓመት ሙሉ በባሕሩ ዳር ሲያዞራት ሽማግሌ መላክ ትዝ ያላለው ጀግና፣ ታንክ ላይ ሊወጣ ሲል ትዝ አለው!

ቤታቸው ሮቫ አሌፍ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወንበሩ ሁሉ ከየክፍሉ ተሰብስቦ ሳሎን ተደርድሯል፤ የሚቀመጥበት ሰው ግን የለም። በጎንደር ወግ ሴት ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። የልጅቱ አባት በእጁ ይዞ ካስቀመጠው ልጁን ሰጠ ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን የሚያስቀምጥ አባት ደግሞ ልጁን አረከሰ ተብሎ እስከ ልጅ ልጁ ይታማል። ስለዚህ ሦስቱ አዛውንት አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ተደርድረው ቆሙ፤ አባቷ ሙላት ፊት ለፊታቸው ቆመ፤ እናቷ ጸሐይ ኩሽናው በር ላይ ቆመች። ሺርሊ ከእናቷ ጀርባ ሆና ሰዓት ታያለች። የምትዳረው እሷ ናት፣ መናገር ግን ነውር ነው።

የሽማግሌዎቹ አለቃ የኦፌክ አያት ወንድም፣ አባ ይታየው ናቸው። ጉልበታቸው በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ነው፤ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ይንቀጠቀጣሉ።

«ሙላት ልጄ» አሉ፤ «ሰባት ቤት ተቆጥሯል፣ ዝምድና አልተገኘም። ልጅህን ለልጃችን ስጠን።»

«ስለመጡ ክብር ነው አባ። እስቲ ዘመድ ላማክር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሱ።»

የሚያማክረው ዘመድ ሮቫ ዛይን ያለው ወንድሙ ነው። ከእሱ ጋር ደግሞ በአንድ አሮጌ ሶፋ ተጣልተው ሰላምታ ካቆሙ ቆይተዋል። ሺርሊ ጥርሷን ነከሰች። ሁለት ሳምንት! ኦፌክ እኮ ያለው እስከ ቀትር ነው።

አባ ይታየው አፋቸውን ከመክፈታቸው አዛካው ጮኸ። የአደጋው ጡሩምባ ሲጮህ ሮኬቱ እስኪወድቅ አንድ ደቂቃ እንኳን የለም። ሕንፃው መሸሸጊያ ክፍል ስለሌለው ሰው ሁሉ ወደ ደረጃው ይሮጣል። የታችኛዋ ጎረቤት፣ ሞሮኮዋ ሓቫ፣ ፀጉሯን በቢጎዲን እንደጠቀለለች ደረጃው ላይ ኩርምት ብላለች። ሁሉም ጎንበስ ጎንበስ አለ። አባ ይታየው ብቻ በደረጃው መስኮት ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። አለቃቸው ስላልተቀመጡ ሁለቱ ጓደኞቻቸውም እየፈሩ ቆሙ።

«ይህን ሽማግሌ አስቀምጡት እንጂ! መስታወቱ ይቆርጠዋል!» ብላ ሓቫ በዕብራይስጥ ጮኸች።

«መልስ ሳልሰማ አልቀመጥም» አሉ አባ ይታየው።

«አባ፣ በፈጠረዎት፣ ትንሽ ዝቅ ይበሉ!» አለ ሙላት። ጉድ እኮ ነው! ሮኬት እየመጣ እንኳ «ይቀመጡ» የምትለው ቃል እንዳታመልጠው ይጠነቀቃል።

ሺርሊ ነውሩን ረሳችው። «አባባ፣ ምን ትጠብቃለህ? እዚሁ ይሙቱልህ?»

«አንቺን ነው የምጠብቀው!» ሙላት ጮኸባት። «ልጁ ያለው ጦር ሜዳ ነው! ዛሬ ሰጥቼሽ ነገ ሬሳው ቢመጣስ? ሳትዳሪ ከል ላልብስሽ? በደህና ይመለስና ያኔ እሰጥሻለሁ!»

ለካ በወግ የሸፈነው ይህን ፍርሃት ነበር። ሺርሊ ቀስ ብላ፣ «ባትሰጠኝ የማላለቅስለት መስሎህ ነው?» አለች። «ያኔ ምኑ ነሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ?»

ሕንፃው ተናወጠ፤ መስኮቱ ረገፈ። ጢሱና አቧራው ሲበርድ ሺርሊ አባቷን አየችው። አባ ይታየውን በሁለት እጁ ይዞ ደረጃው ላይ አስቀምጧቸው፣ በራሱ ጀርባ ከልሏቸዋል። ትከሻው ላይ የመስታወት ስባሪ ያብለጨልጫል።

«ሙላት» አሉ አዛውንቱ ከሥሩ ሆነው፤ «አስቀመጥከኝ።»

«ኧረ አባ! ሮኬት ነው እኮ!»

«እኔ ሮኬቱን አላየሁትም። ያስቀመጠኝ ያንተ እጅ ነው።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ሰምተው ዱብ ዱብ ብለው ተቀመጡ። እፎይታ ፊታቸው ላይ ይነበባል፤ የጸደቁ ነው የሚመስሉት። ሙላት አይቆጠርም ማለት ይችል ነበር፤ ማን ይከራከረዋል? ሺርሊን አያት። እጁን ከአዛውንቱ ትከሻ ላይ አላነሳም።

«ይቀመጡ አባ» አለ በመጨረሻ።

ጸሐይ እልል አለች። ሓቫም ምን እንደተደረገ ሳታውቅ አብራ እልል አለች፤ ሞሮኮዋ ለእልልታ ምክንያት ጠይቃም አታውቅ። ሺርሊ ፔሌፎኗን አውጥታ ደወለች። ጠራ።

«ምን አሉ?» አለ ኦፌክ።

«ሽማግሌዎችህ ተቀመጡ።»

«እና?»

ይህ ነው እንግዲህ ሙሽራው! እዚሁ አገር ተወልዶ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ሽማግሌ ሲቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ። በሌላ ቀን ቢሆን ለዓመት የሚበቃ መሳቂያ ታደርገው ነበር።

«እናማ አባባ ሰጠኝ። መመለስ አለብህ፣ አንተ ደደብ» አለችው። ዕንባዋ ወረደ።

ከወዲያ አንድ ሰው በዕብራይስጥ ሲጣራ ተሰማ። «እመ...» አለ ኦፌክ፤ መስመሩ ተቋረጠ። ደግማ ብትደውል ተዘግቷል።

አዛካው ካለፈ ቆይቷል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወደየቤቱ ገብቷል። አባ ይታየው ግን ደረጃው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ሺርሊ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባ፣ ይመለሳል?»

ለሁሉም መልስ የነበራቸው ሽማግሌ ነጠላቸውን አንስተው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት።

«ተቀምጠን እንጠብቀዋለን» አሉ።