የሐጀራ ፍንጭት

የሐጀራ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከአፏ ዘሎ የወጣው ማክሰኞ ጠዋት፣ አንዲት የሙሽራ እናት የሳሎን መጋረጃ ልታስቆርጥ ጥቂት ሲቀራት ነበር። ሐጀራ ወርቃማውን ጨርቅ በሁለት እጇ ወጥራ «ይሄ እኮ ታጥቦ፣ ታጥቦ፣ ታጥቦ...» እያለች ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ የላይኛው ጥርስ እንዳለ ወልቆ ጨርቁ መሐል አረፈ። የሙሽራዋ እናት ጮኸች። ሐጀራ ምንም እንዳልተፈጠረ ጥርሱን በሻርፗ ጫፍ አንስታ ኪሷ ከተተችና ሜትሯን መዘርጋት ቀጠለች። ገዢዋ ግን «ዞሬ እመጣለሁ» ብላ ወጣች። መርካቶ ውስጥ «ዞሬ እመጣለሁ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሐጀራ ካወቀች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል።

ጥርሱን ድሮም አልወደደችውም። የላይኛው ጥርሶቿ በድድ በሽታ አልቀው የቀሩትም ከተነቀሉ በኋላ፣ አንድ ጥርስ ሠሪ አፏን በሊጥ መሳይ ነገር ሞልቶ ልክ ወሰደና እንደ መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ የተደረደሩ ነጫጭ ጥርሶች ሠራላት። ስታወራ ይንቀሳቀሳሉ፤ ስትስቅ ይወርዳሉ። ከሁሉም የከፋው ግን ፍንጭቷን ደፍነውባታል። የሐጀራ ፍንጭት ደግሞ ተራ ነገር አልነበረም። ሟቹ ባሏ መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈው ፍንጭቷ ላይ ነው። የሱቋ አቅጣጫ የጠፋበት ደንበኛም «ፍንጭቷ ሴትዮ ጋ» ብሎ ከጠየቀ ሰው ሁሉ ያሳየዋል።

ማታውኑ ልጇ ሰሚር ነገሩን ሰማ። በማግስቱ ሲኒማ ራስ አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ ወሰዳት። «እማዬ፣ አሁን ሊጥ የለም፤ በካሜራ ነው» አላት።

የክሊኒኩ ጥርስ ሠሪ ፀደንያ የምትባል ቀጭን፣ ረጋ ያለች ወጣት ነበረች። ወፍራም እስክሪብቶ የመሰለ ስካነር የሐጀራ አፍ ውስጥ አስገብታ ዞር ዞር ስታደርገው፣ ድዷ ቁልጭ ብሎ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

«ይሄ የኔ አፍ ነው?»

«አዎ፣ የእርስዎ ነው እትዬ ሐጀራ።»

«ዋሻ ይመስላል።»

ፀደንያ ሳቀችና አንድ ነገር ስትነካ ኮምፒውተሩ በዋሻው ዙሪያ ጥርሶች ደረደረ። ቆንጆ ናቸው፤ ልክ ናቸው። ፍንጭት ግን የላቸውም።

«ክፍተቱስ?» አለች ሐጀራ።

«ኮምፒውተሩ ክፍተት ሲያይ ስህተት ይመስለውና ይዘጋዋል።»

«እንግዲያው ሐበሻ አይደለም።»

ፀደንያ ሁለቱን የፊት ጥርሶች ስክሪኑ ላይ ፈልቀቅ አደረገቻቸው። ሐጀራ «ይሄማ የበር ክፍተት ነው» አለች። ጠበብ ሲደረግ «ስንጥቅ መሰለ»፤ ትንሽ ሲዘም «የሌላ ሰው ነው»። ከአምስት ሙከራ በኋላ ፀደንያ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች።

«የድሮ ፎቶ ይኖርዎታል? ሲስቁ የተነሱት?»

አልነበራትም። በሐጀራ ወጣትነት ፎቶ ቤት ገብቶ መሳቅ ብልግና ነበር፤ ያላት ፎቶ ሁሉ ፍርድ የምትጠብቅ ያስመስላታል።

አጠገባቸው የቆመው ሰሚር ጣልቃ ገባ። «አክስቴ ዱንያስ?»

ሐጀራ ሻርፗን አንስታ ወጣች።

ዱንያ የሐጀራ ታናሽ እህት ነች። ከሐጀራ ሱቅ ቀጥሎ ባለው ሕንፃ ውስጥ ምንጣፍ ትሸጣለች። መልካቸው አንድ፣ ፍንጭታቸው አንድ፤ ከተኳረፉ ግን አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አንዲት ደንበኛ ምንጣፍ ልትገዛ ገብታ «የእህትሽ መጋረጃ እንዴት ነው?» ስትላት ዱንያ «ጨርቁ ጥሩ ነው፤ ብቻ ፀሐይ አታሳዪው» አለቻት። ወሬው ሐጀራ ጆሮ ለመድረስ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ከዚያ ወዲህ ሲተላለፉ አንዷ ወደ ሰማይ፣ አንዷ ወደ ጫማዋ ታያለች።

ሐጀራ ያንን ጥርስ መልሳ አላጠለቀችውም፤ ሦስት ቀን በሾርባ ከረመች። ዋጋ ስትናገር ደንበኛው «ምን አሉ?» ይላል፤ ስትደግመውም «ምን አሉ?» ይላል። ቅዳሜ ከሰዓት ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ስባ ዱንያ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆመች።

ዱንያ ቀና ሳትል «ምንጣፍ ነው?» አለች።

«ጥርስ ነው።»

«ጥርስ አንሸጥም።»

«ያንቺን ነው የምፈልገው።»

ዱንያ ያኔ ቀና አለች። ሐጀራ ሻርፑን ዝቅ አደረገች። ዱንያ ልትስቅ ነበር፤ የእህቷን ከንፈር ወደ ውስጥ ገብቶ ስታየው ግን በርጩማ ሳብ አደረገችላት። ሐጀራ ስለ ስካነሩ፣ ፍንጭት ስለማይገባው ኮምፒውተር ነገረቻት።

«እሺ» አለች ዱንያ። «መጀመሪያ ግን መጋረጃው ቀለም እንደለቀቀ እመኚ።»

«አልለቀቀም።»

«እንግዲያው ጥርስ የለም።»

ሐጀራ የተጠቀለሉትን ምንጣፎች አንድ በአንድ አየቻቸው። «ትንሽ ደብዘዝ ብሏል» አለች በመጨረሻ።

«ትንሽ?»

«ዱንያ!»

«እሺ፣ ይበቃኛል። ሱቁን ልዝጋ።»

ክሊኒኩ ውስጥ ፀደንያ ዱንያን ወንበሩ ላይ አስተኝታ «እስክጨርስ እንዳያወሩ፣ ምላስዎንም እንዳያንቀሳቅሱ» ስትል ሐጀራ ሰማች። በሕይወቷ ዱንያ መልስ መስጠት የማትችልበት ሰዓት ገጥሟት አያውቅም። ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አሁን ትሰሚኛለሽ» አለች። «የመጋረጃውን ነገር ተይው። ሰሚርን ስድር ለምን ቀረሽ?»

«እእእ!» አለች ዱንያ።

«እባክዎ አይንቀሳቀሱ» አለች ፀደንያ።

«የእናት ቤተሰብ የሚቀመጥበት ጋ አንድ ወንበር ባዶ ትቼ፣ ሰው ሊቀመጥ ሲል ‹መጣች፣ መንገድ ላይ ነች› እያልኩ ዋልኩ። ማታ ወንበሩን ያነሳሁት ራሴ ነኝ።» ሐጀራ ሌላም ብዙ ያዘጋጀችው ስድብ ነበራት፤ ግን ከየት እንደመጣ ሳታውቅ ሌላ ነገር አፏ ላይ መጣ። «ሐሞትሽን ኦፕራሲዮን ሆነሽ የተኛሽ ጊዜ፣ ሾርባ ይመጣልሽ የነበረው ከኔ ቤት ነው። ‹ጎረቤት ላከው በሏት› ብዬ።»

የዱንያ ዓይን እንባ ሞላ፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ስካነሩ ጮኸ፤ ስክሪኑ ላይ አንዱ ጥርስ ሁለት ሆኖ በቀለ። ዱንያ የፀደንያን እጅ ገፋ አድርጋ ቀና አለች።

«ያ ሾርባ ያንቺ ነበር?»

«የኔ ነበር።»

«ጨው አልነበረውም እኮ!»

መጀመሪያ የሳቀችው ፀደንያ ናት። ከዚያ ሐጀራ ባዶ ድዷን ሳትሸፍን ሳቀች፤ ዱንያ ደግሞ እያለቀሰች ሳቀች። ሥራው እንደ አዲስ እስኪጀመር ሻይ መጠጣት ግድ ሆነ።

በሁለተኛው ዙር ዱንያ እንደ ሐውልት ሳትነቃነቅ አስጨረሰች። ፀደንያ የዱንያን ጥርሶች በሐጀራ ድድ ላይ አሳርፋ ስትጨርስ ወደ አንዱ ጥርስ ጠቆመች። «ይህቺ የፊት ጥርስ ጫፏ ተሸርፏል። ላስተካክላት?»

«የሸረፈቻት እሷ ናት» አለች ዱንያ። «ልጅ ሆነን ውሃ ስንቀዳ ገፍታኝ ባልዲ ላይ ወደቅሁ።»

«አልገፋሁሽም፤ ተንሸራተሽ ነው!»

«ገፍተሽኛል።»

ሐጀራ ስክሪኑን ቀረብ ብላ አየችው። ሽርፋቷ ያን ያህል ትልቅ ሆና አይታት አታውቅም። ደጋግማ አየቻትና «እንዳለች ተያት» አለች ፀደንያን። «እኔም ልሸከማት።»

በሳምንቱ የሙከራው ጥርስ ፕላስቲክ ከሚቀርጽ ፕሪንተር ወጥቶ ተለካ፤ ሁለት ቦታ ላይ ተሞረደ። ከዚያ ዋናው ተሠራ። ሐጀራ አጥልቃው ፀደንያ የሰጠቻትን መስታወት ይዛ ብዙ ቆየች። ፈገግ አለች፤ ኮስተር አለች፤ እንደገና ፈገግ አለች። ከዚያ «ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና» ብላ ዋጋ ጠራች። ጥርሱ ንቅንቅ አላለም።

«እንዴት ነው እትዬ ሐጀራ?» አለች ፀደንያ።

«ታናሽ ሆንኩ» አለች ሐጀራ። ዱንያ ከኋላ «እኔ ግን አሮጊት ላይ ጥርሴን ሳይ ደነገጥኩ» ብላ መለሰችላት።

ከክሊኒኩ ወጥተው ወደ መሳለሚያ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ምግብ ቤት ገቡና ጥብስ አዘዙ። ሐጀራ ሥጋ ካኘከች ዓመት አልፏታል። አንዷን ቁራጭ በጥንቃቄ ጎርሳ ዓይኗን ጨፍና ማኘክ ጀመረች። ዱንያ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አፍ አፏን ታያለች።

«ጥርሴ ትቆርጣለች?»

ሐጀራ እጇን አነሳች። «ዝም በይ፤ ሥራ ላይ ነኝ።»

ዱንያ ግን ዝም አላለችም። የልጅ ልጅ ማየቷን፣ የጉልበቷን ሕመም፣ ከቱርክ የመጣውን ምንጣፍ፣ የአራት ዓመቱን ወሬ በአንድ ትንፋሽ ታወራላት ጀመር። ሐጀራም እየሰማቻት ሁለተኛዋን ቁራጭ አነሳች።